ሞተሩን ያጠፋው ካፒቴን

ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ስወጣ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ አገር የሄድኩት፣ አልተመቸኝም ነበር። አራት ጀልባዎች አንድ እንስሳ ከበው ሲያሯሯጡ ነው የዋልነው። ብቅ ባለ ቁጥር ሞተር ይጮኻል፣ ሁሉም ይሽቀዳደማል። ገንዘብ ከፍዬ ፍጥረት ሳስጨንቅ የዋልኩ መስሎኝ አዝኜ ተመለስኩ። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ እናቴን ይዤ ከቦስተን ወደብ ስነሳ ልቤ ሙሉ አልነበረም።

የሄድነው ወደ ስቴልዋገን ባንክ ነው። ባሕር ሥር የተኛ ትልቅ የአሸዋና የጠጠር ጉብታ ነው። ከጥልቁ የሚመጣው ውሃ ጉብታውን ሲገፋ ምግብ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አሸዋ ውስጥ የሚደበቁ ቀጫጭን ዓሦች እዚያ ይበዛሉ። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎችም እነሱን ፍለጋ ይመጡና ሞቃቱን ወራት ሲበሉ ይቆያሉ። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት የባሕር ክልል ነው።

ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ክኒኑን ከመሳፈሩ በፊት ይዋጥ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። እናቴን ታችኛው ወለል ላይ ወደ መሃል አስቀመጥኳት፣ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ዓይኗን ከአድማሱ ሳትነቅል ሄደች፣ ምንም አልሆነችም። ጃኬት የግድ ነው። ወደቡ ላይ ላብ በላብ ሆነን ነበር፣ ባሕሩ መሃል ስንደርስ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል።

አስጎብኚዋ ጎበዝ ናት። ጀልባዋን እንደ ሰዓት ቁጠሯት አለችን፤ አፍንጫዋ 12፣ ቀኝ ጎኗ 3፣ ኋላዋ 6። ከዚያ «9 ላይ!» ስትል ሁሉም ወደ ግራ ዞረ። ራቅ ብሎ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ከውሃው ተነስቶ ጠፋ።

ካፒቴኑ አልተከተለም። ቀስ ብሎ ትንሽ ጠጋ አለና ሞተሩን አጠፋው። መቶ ምናምን ሰው የጫነች ጀልባ ጸጥ አለች። ውሃው ጎኗን ሲመታ ብቻ ይሰማል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ ጠበቅን።

«ፉፍፍ!»

ከጎናችን ነው የተነፈሰችው። የትልቅ መኪና ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ፣ ግን ረጅምና ወፍራም። ጤዛው ነፋስ ይዞት ፊታችን ላይ አረፈ። ይሸታል፣ የከረመ ዓሣ ሽታ ነው። ማንም ግን ፊቱን አላዞረም። ወዲያው ከአጠገቧ ሁለተኛ፣ አጠር ያለ ትንፋሽ ተሰማ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና «ልጇ ናት! አየሻት?» አለችኝ።

እውነትም እናትና ልጅ ናቸው። ሃምፕባኮች በብርዱ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ፣ ካሪቢያን አካባቢ ይወልዳሉ። እናቲቱ እዚያ እምብዛም ሳትበላ እያጠባች ከርማ፣ ግልገሏን ይዛ ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጣ ትመጣለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየች።

እናቲቱ ስትጠልቅ ጭራዋን ወደ ላይ አነሳች። ውሃው ከጠርዙ እንደ መጋረጃ ወረደ። ከሥሩ ያለው ጥቁርና ነጭ ቀለም እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አስጎብኚዋ ፎቶ አንስታ ከመዝገቧ ጋር አስተያየችና ማን እንደሆነች ነገረችን። እዚህ አካባቢ ቀድመው ስም ከወጣላቸው አንዷ «ሶልት» ናት፣ ጨው ማለት ነው። ጀርባዋ ላይ ባለው ክንፍ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ምልክት ስላላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትታወቃለች፣ ከደርዘን በላይ ወልዳለች። እናቲቱ የጠለቀችበት ቦታ ላይ ደግሞ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ለስላሳ ክብ ይቀራል። ልጅቷ እዚያው ቆይታ በነጭ ረጅም ክንፏ ውሃውን ጧ ጧ ታደርገው ነበር።

ቅሬታ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ከውሃ ዘሎ የወጣ ዓሣ ነባሪ ነው፤ እኛ አንድም ሲዘል አላየንም። ብዙ ቀን አይዘሉም፤ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው። አጠገቤ የነበረ ልጅ በዚህ ምክንያት አኩርፎ ተመለሰ። ድምፅ ማጉያውም ኋላ ላሉት አይሰማም። «ካላያችሁ ሌላ ቲኬት እንሰጣለን» የሚለውንም በደንብ አንብቡት፤ አንድ ጀርባ ከሩቅ ብታዩ እንኳ እንዳያችሁ ይቆጠራል።

አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ ሌላ ጀልባ መጣ። ካፒቴናችን ሁለት ጀልባ ይበዛባቸዋል ብሎ ተሰናበተ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እኔ ግን ለዚህ ነው አምስት ኮከብ የሰጠሁት። ሞተሩንም ያስነሳው እናትና ልጅ ራቅ ብለው ሲተነፍሱ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው።

ለመስከረም መጀመሪያ ሦስት ቲኬት ቆርጫለሁ። እናቴ እህቴም ትይ ብላለች።