ፊልም ወይስ ትያትር፦ ድርሰትዎ ለየትኛው ይሆናል?

ሀገር ፍቅርም፣ ብሔራዊ ትያትርም፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም መሀል አዲስ አበባ ናቸው። ምርጫው ግን ከአዳራሹ ሳይሆን ከታሪኩ ይጀምራል።

ቅርበት
ፊልም፦ ካሜራው ፊት ላይ ይጠጋል፤ ዐይን እንባ ሲያቀርር የኋላ ወንበር ላይ ያለውም እኩል ያያል።
ትያትር፦ ያው ስሜት በድምፅና በሰውነት ጎልቶ መውጣት አለበት። የመድረክ ተዋናይ ካሜራ ፊት የሚያጋንነው ከዚህ ልማድ ነው፤ ድምፅ መቀነስ ብቻውን አይበቃም፣ የእጅ እንቅስቃሴም ይቀነስ።

ጊዜና ቦታ
ፊልም፦ ትልቁ ጉልበቱ ቅንብር ነው፤ የተቀረጹትን ምስሎች መርጦ ማገጣጠም። ዝም ያለ ፊት፣ ቀጥሎ ባዶ አልጋ፤ ሐዘኑን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። በአልጋው ፋንታ ትኩስ እንጀራ ቢገባ ያው ፊት የተራበ ይመስላል። ልብ ወለድ ይህን በቃል ይሞክረዋል፤ ፊልም ቃል አያስፈልገውም።
ትያትር፦ ቦታ ለመቀየር መብራት ይጠፋል፣ ዕቃ ይነሳል።

ወጪ
ፊልም፦ አብዛኛው ከመታየቱ በፊት ይወጣል።
ትያትር፦ በየትርኢቱ ይቀጥላል።

ስጋት
ፊልም፦ ድምፅ! ፒያሳ መንገድ ዳር ሲቀረጽ የመኪናው ጩኸት በየቀረጻው ስለሚለያይ ቀረጻዎቹ ሲገጣጠሙ ድምፁ ይዘላል። ማይኩን ወደ ተናጋሪው ያስጠጉ፤ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ይቅዱ፣ በቅንብር ጊዜ በቀረጻዎቹ መካከል ያለውን የድምፅ ክፍተት ይሸፍናል።
ትያትር፦ የተሳተ ቃል አይመለስም፣ በሚቀጥለው ትርኢት ግን ይታረማል።

ንግግሩ የሚጥም፣ በአንድ ሳሎን የሚያልቅ ድርሰት ለመድረክ ይሁን። ዝምታ የበዛበት፣ ከቦታ ቦታ የሚሮጥ ከሆነ ግን ካሜራ ይፈልጉለት።