ሞተር፣ ክንድ ወይስ ሁለተኛ ዲሽ? ለአዲስ አበባ ጣሪያ የሚሻለው የቱ ነው

«ስማ እንጂ፣ ዲሹን በሪሞት የሚያዞር ሞተር አለ አሉኝ። ልግዛው እንዴ?» አሉኝ አንድ ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ።

«ጋሼ፣ ስንት ሳተላይት ነው የሚፈልጉት?»

«ሁለት ነዋ! የእኔ ዜና ኢትዮሳት ላይ አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ናይልሳት ካልሆነ ብለው አስቸገሩኝ።»

«እንግዲያው አይግዙት፤ ሁለተኛ ዲሽ ይትከሉ።»

መልሴ አጭር ስለሆነባቸው ቅር ሳይላቸው አልቀረም። እዚህ ግን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ሞተር ለአንዳንድ ቤት እውነትም የሚያስደስት ዕቃ ነው፤ ለብዙው ቤት ግን ያልነበረን ችግር በገንዘብ መግዛት ይሆናል። ዋጋ በብር አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናልና።

ገበያ ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በዚያው በሪሲቨሩ ኬብል የሚታዘዝ ትንሽ ሞተር ነው፤ ሻጮች ዳይሴክ ሞተር ወይም ዩሳልስ ሞተር ይሉታል። ሁለተኛው ትልቅ ዲሽ የሚገፋና የሚስብ፣ በ36 ቮልት የሚሠራ የብረት ክንድ ነው፤ አክቹዌተር ይባላል፣ የራሱ መቆጣጠሪያ ሳጥንም አለው። ሦስተኛው ጨርሶ አይንቀሳቀስም፦ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ዲሽ በአንድ ስዊች ተያይዞ።

መጀመሪያ ሰማዩን እንይ

ከዕቃው ጋር የሚመጡት መመሪያዎች በአብዛኛው አውሮፓ ያለን ሰው አስበው የተጻፉ ናቸው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ተደርድረዋል። ጀርመን ላለ ሰው ሰልፉ በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ቅስት ነው፤ ዲሹም ጎረቤት እንደሚቃኝ ሰው ፊቱን ግራና ቀኝ ያዞራል። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ለእኛ ሰልፉ ከምሥራቅ ተነስቶ በአናታችን አጠገብ ያልፍና ምዕራብ ይወርዳል። ስለዚህ በሞተር የሚሄድ ዲሽ አዲስ አበባ ላይ አይዞርም፤ እንደ ዥዋዥዌ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጋደማል።

በቁጥር ላስቀምጠው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የአማርኛ ቻናሎች የሰፈሩበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው (ይህ ቁጥር ሳተላይቱ የቆመበት ኬንትሮስ ነው)። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከሰሜን በሰዓት አቅጣጫ ቢቆጠር 115 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ በላይ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። 7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ደግሞ 261 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከፍታው 37 ዲግሪ ብቻ። ባድር፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በሁለቱ መካከል 72 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሦስት ነገር ይወጣል፤ ሦስቱም ኪስ ይነካሉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁና ዲሻችሁ በረንዳ ላይ የሆነ፣ ሞተርን እርሱት። በኢትዮሳትና በናይልሳት መካከል 146 ዲግሪ የአቅጣጫ ልዩነት አለ፤ ወደ ምሥራቅ ያየ በረንዳ ኢትዮሳትን ቢያገኝ ናይልሳትን ሕንፃው ራሱ ይጋርደዋል። ሞተሩ ደግሞ ግድግዳ አያሳልፍም።

ሁለተኛው የክብደት ነገር ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ አላጋጠመኝም። የሞተሩ ዘንግ የሚያዘነብለው በአገሩ የኬክሮስ ልክ ነው። እንደ ጀርመን 50 ዲግሪ ላይ ዘንጉ ቀና ስለሚል የዲሹን ክብደት ብዙውን ምሰሶው ይሸከመዋል። እኛ ጋ ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረውም፤ ዲሹ ወደ ጎን ሲጋደም ክብደቱ በሞተሩ ጥርሶች ላይ ያርፋል። በስሌት ጀርመን ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 1.2 ሜትር ዲሽ» ቢል እኔ 90 ሳንቲ ሜትር ብዬ ነው የማነበው።

ሦስተኛው የኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ፣ ጥምዘት ነው። ለኢትዮሳት ወደ አንድ ጎን 63 ዲግሪ ያህል፣ ለናይልሳት ወደ ሌላው ጎን ከ77 ዲግሪ በላይ መጠምዘዝ አለበት። እዚህ ላይ ሞተሩ ያሸንፋል፦ ሙሉው ዲሽ አብሮ ስለሚጋደም ኤልኤንቢው አንዴ ቀጥ ተደርጎ ከታሰረ ለሁሉም ሳተላይት ልክ ይሆናል። በቋሚ ዲሽ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው። «ሲግናል አለ፣ ኳሊቲ የለም» ሲባል ዲሹን ከመነቅነቅ በፊት ኤልኤንቢውን በእጅ ዞር ዞር አድርጎ ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ትንሹ ሞተር

ጥሩ ጎኑ ቀላልነቱ ነው። ከሪሲቨሩ ወጥቶ ሞተሩ ጋ፣ ከሞተሩ ኤልኤንቢው ጋ የሚደርስ አንድ ኬብል ይበቃል፤ መብራቱንም ከሪሲቨሩ በዚያው ይወስዳል። የአሠራሩ ስልት ሁለት ነው። ዳይሴክ 1.2 በሚባለው እያንዳንዱን ሳተላይት በእጅ ፈልጋችሁ ቦታውን ታስመዘግባላችሁ። የጣሊያኑ ስታብ ኩባንያ ያመጣው ዩሳልስ ግን የቤታችሁን ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀብሎ ራሱ ያሰላል። ለአዲስ አበባ 9.0 ሰሜን፣ 38.8 ምሥራቅ ነው። ሪሲቨሩ ከፋብሪካ ሲመጣ የሌላ አገር ከተማ ተሞልቶበት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አጥፉ፤ አለዚያ ሁሉም ሳተላይት ይሳታል፣ እናንተም ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ትጭናላችሁ።

ከናይልሳት ኢትዮሳት ለመድረስ ሞተሩ 74 ዲግሪ ያህል መጋደም አለበት። ይህ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ደቂቃ ሲያወሩት ምንም አይደል፤ የኳስ ጨዋታ ተጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ጥቁር ስክሪን ሲያይ ግን ይረዝማል።

ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ነው፦ አንድ ዲሽ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ቦታ ነው። ሳሎን ያሉት ዜና ሲከፍቱ መኝታ ቤት ያለው ልጅ ፊልሙ ይቋረጥበታል። ሁለት ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሞተር ገዝቶ ሰላም ሊያገኝ አይችልም። የጎረቤቴ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

ልኩም ስስ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ በኬዩ ባንድ (ኢትዮሳትና ናይልሳት በሚያስተላልፉበት የሞገድ ክልል) ከመሃል አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ የሲግናሉን ግማሽ ያህል ያጣል። የሞተሩ ጥርስ ሲላላ ወይም ምሰሶው ንፋስ ሲነካው ያቺ አንድ ዲግሪ በቀላሉ ትመጣለች። ቋሚ ዲሽ በብሎን ታስሮ ዓመታት ሳይነካ ይቆማል፤ ሞተር ያለው በዓመት አንዴ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ ጣሪያ ያስወጣል።

የብረቱ ክንድ

ይህ ለአብዛኛው አንባቢ አይሆንም፤ ለሚሆነው ግን ምትክ የለውም። በሲ ባንድ፣ ማለትም ትልቅ ዲሽ በሚፈልገው የሞገድ ክልል፣ የሚያይ፣ 1.8 ወይም 2.4 ሜትር ዲሽ ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው ትንሹን ሞተር ሊያስብ አይችልም። ክንዶቹ በኢንች ነው የሚሸጡት፤ 18 እና 24 የተለመዱት ናቸው። የዛሬ ሪሲቨር 36 ቮልት ስለማይሰጥ በመሃል ሳጥን ያስፈልጋል። ቪ-ቦክስ የሚባለው የሪሲቨሩን የዳይሴክ ትእዛዝ ተቀብሎ ክንዱን ያንቀሳቅሳል፤ በሪሞት ማዞሩ የሚመጣው በዚህ ነው።

ሳጥኑ ዲሹ የት እንዳለ የሚያውቀው ክንዱ ውስጥ ያለውን ቆጣሪ እየሰማ ነው። ከሳጥኑ እስከ ክንዱ አራት ሽቦ ይሄዳል፤ ሁለቱ ለጉልበት፣ ሁለቱ ለቆጠራ። ክንዱ እየሄደ መብራት ጥፍት ሲል ወይም የቆጠራው ሽቦ ዝናብ ሲገባው ቁጥሩ ይዛባል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሳተላይት በእኩል መጠን ይሸሻል። አንዱን በእጅ አግኝቶ ሌሎቹን በዚያው ልክ ማሳለፍ ነው መድኃኒቱ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ሥራ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ሌላው ድካሙ ወደ ሁለቱ ጫፎች እኩል አለመሄዱ ነው። ከአዲስ አበባ ኢትዮሳት ከሰልፉ መሃል (ልክ በደቡብ ካለው ነጥብ) 21 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 53 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ነው። ክንዱ በየት በኩል እንደሚታሰር ኮንክሪቱ ሳይፈስ ይወሰን።

ሁለት ዲሽ በስዊች

ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ወሬ የሌለው መሆኑ ራሱ ምስጋናው ነው። ቻናል ስትቀይሩ ወዲያው ይመጣል። የሚላላ ጥርስም ሆነ የሚሳሳት ቆጣሪ የለውም። ባለአራት ቀዳዳ የዳይሴክ ስዊች እስከ አራት ኤልኤንቢ ይይዛል፤ ሁለት መውጫ ያላቸው ኤልኤንቢዎች ከተገዙ ደግሞ ሁለተኛው ቴሌቪዥን የራሱ ስዊችና ሪሲቨር ኖሮት የፈለገውን ያያል።

«አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ብናስርስ?» የሚል አይጠፋም። ሳተላይቶቹ በአራት ወይም በአምስት ዲግሪ ከተቀራረቡ ይሆናል፤ ኢትዮሳትና ናይልሳት ግን 64 ዲግሪ ይራራቃሉ፣ በአንድ ዲሽ አይታሰብም። ለተቀራረቡትም ቢሆን ከአውሮፓ ቪዲዮ ላይ እንዳያችሁት ጎን ለጎን አትሰሯቸው። በምሥራቅ በኩል ሰልፉ ለእኛ ሽቅብ ስለሚወጣ ሁለተኛው ኤልኤንቢ ከላይ ወይም ከታች ነው የሚታሰረው፤ በሰማይ ከፍ ላለው ሳተላይት ከታች፣ ዝቅ ላለው ከላይ።

እኔ ያደረግሁት

እኔ ሞተር አለኝ። ሳተላይት ማሳደድ ስለምወድ እንጂ ስለሚያስፈልገኝ አይደለም። ግን ኢትዮሳትን ለሞተሩ አላስረከብኩም፦ ለእሱ ቋሚ ዲሽ አለ፣ በስዊቹ ቀዳዳ 1። ሞተሩ ቀዳዳ 2 ላይ ሆኖ የቀረውን ሰማይ ያስሳል። ሞተሩ ቢበላሽ ዜና አይቋረጥም፤ ባለቤቴም «ያ መጫወቻህ» ከማለት አታልፍም። ከሦስት ሳተላይት በላይ የሚፈልግና የራሱ ጣሪያ ወይም ግቢ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የተከላው ስህተት ግን የራሴ ነበር። ሪሲቨሩ ላይ የምሥራቅና የምዕራብ ገደብ የሚባል አለ፤ ዲሹ ከዚያ እንዳያልፍ። «በኋላ እሞላዋለሁ» ብዬ ተውኩት። በመጀመሪያው ማታ ዲሹ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ ተጋድሞ የውሃ ታንከሩ ላይ አረፈ፤ የኤልኤንቢው ክንድ ታጠፈ።

ሲተከል ምሰሶው በውሃ ልክ ፍጹም ቀጥ ይበል። ደቡብን በስልክ ኮምፓስ አትመኑ፣ ቆርቆሮውና ብረቱ ያሳስተዋል፤ ጥላ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ መሃል የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ25 ግድም ነው፤ እንደ ወሩ እስከ ሩብ ሰዓት ይዛነፋል። ያኔ የቀጥ ዘንግ ጥላ ሰሜንና ደቡብን ያሰምራል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ አይኖርም፤ ሌላ ቀን ጠብቁ። ቀጥሎ ዲኤስቲቪ ያለበትን 36 ዲግሪ ምሥራቅ አግኙ፤ ለመሃሉ ቅርብ ስለሆነ ከፍታውን ያስተካክላል። የአቅጣጫ ስህተት ግን እዚያ አይታይም፤ የሚያጋልጠው ናይልሳት ነው። 36 ላይ ጥሩ ሆኖ ናይልሳት ላይ ከደከመ ሞተሩን ምሰሶው ላይ ትንሽ ማዞር እንጂ ከፍታውን መንካት አያስፈልግም።

ሱቅ ስትሄዱ፣ የሞተሩ የኬክሮስ መለኪያ እስከ 9 መውረዱን በዓይናችሁ እዩ፤ ካልወረደ ምሰሶውን ማጋደል ሊያስፈልግ ነው፣ ያ ደግሞ ለጀማሪ ፈተና ነው። ኬብሉን ቆርጣችሁ መሃል ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ብረት ከወጣ መዳብ የተቀባ ነው፣ ርቀት ላይ ቮልቴጁ ይወድቅና ሞተሩ ይንቀራፈፋል። ያገለገለ ክንድ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ጨብጣችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት። ኳ ኳ ካለ መልሱት።