ግራይንደር ለብቸኝነት ምን ያህል ይበጃል?

እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሥራ የጀመረው ግራይንደር፣ ተመሳሳይ ፆታን ወይም ሁለቱንም ፆታ የሚያፈቅሩ ወንዶች በስልካቸው የሚተዋወቁበት መተግበሪያ ነው። ሲከፈት የፎቶግራፍ ገበታ ይዘረጋል፤ ሰዎቹ የሚደረደሩትም በጠባይ ወይም በዝንባሌ ሳይሆን በርቀት ነው።

ብቸኝነትን በማስታገስ ረገድ ውለታው ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በገባሁ ሰሞን፣ ፊቱን ያልገለጠ አንድ ሰው በላቲን ፊደል «ሰላም ነህ ወንድሜ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ምሥጢሬን እያወቀ በአማርኛ ሰላም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ስለነበረ፣ ያቺን አጭር መልእክት ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳነበብኋት አልረሳውም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ገበታው ልማድ ሲሆን ነው። ብዙ ፎቶግራፎች የሚያሳዩት ከአንገት በታች ያለውን ብቻ በመሆኑ፣ ሰው ራሱንም በዚያው ዓይን መመዘን ይጀምራል። ያልፈለገው ሰው ሲያግደው ደግሞ፣ ያ ሰው ያለ አንዲት ቃል ከነጭውውታቸው ይሰወርበታል። ተመራማሪው ኢላን ሜየር በ2003 ባሳተመው የአናሳዎች ጭንቀት ማብራሪያ፣ በማንነቱ የተገፋ ሰው መገፋትን አስቀድሞ እየጠበቀ እንደሚኖር ገልጿል። ለሌላው ኢምንት የሆነ ዝምታ፣ ቤተሰቡ ፊት ለነሣው ሰው የቆየ ቁስል የሚቀሰቅሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኩባንያው ሰዎችን በዘር ለይቶ ለማየት ያስችል የነበረውን ማጣሪያ በ2020 ማንሣቱን እንደ ጥቁር ሰው በበጎ እቀበለዋለሁ፤ መጀመሪያውኑም ሊኖር አይገባም ነበር። በምሥጢር ጥበቃ ግን ታሪኩ አያኮራም። የተጠቃሚዎችን የኤችአይቪ ሁኔታ ለሌሎች ድርጅቶች ያስተላልፍ እንደነበር በ2018 ተጋልጦ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2021 ደግሞ የኖርዌይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን 65 ሚሊዮን ክሮነር ቀጣው። ሰው ለእናቱ እንኳ ያልነገረውን አምኖ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲህ ሊዘናጋ አይገባም።

እኔ የምጠቀምበት ማታ ማታ ማሳወቂያውን ዘግቼ ነው፤ ጨዋታው የጣመኝን ሰውም ሳይውል ሳያድር ሰው በሚበዛበት ካፌ አገኘዋለሁ። ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ወንድሜ ግን ርቀትን መደበቅም ሆነ የመተግበሪያውን ምልክት መቀየር ይበቃሃል አልለውም፤ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግንኙነት በእስራት በሚያስቀጣበት አገር የስልክ ፍተሻ ብዙ መዘዝ ስላለው፣ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት መተግበሪያውን ከነፎቶግራፎቹና ከነመልእክቶቹ ያጥፋው።