የጠዋቱ የእናቶች ስፖርት፣ ደብረ ብርሃን

መጀመሪያ የሄድኩበት ጂም አሁን ጠዋት ጠዋት ከእናቶች ጋር የምሠራበት ይሄኛው አይደለም። እዚያ ገና ከመግባቴ አሰልጣኙ ልጅ ሜትር አውጥቶ ሰው ፊት ወገቤን ለካኝ። «ማዘር፣ ይሄን ቦርጭ በሁለት ወር እናጠፋዋለን» አለኝ። እኔ ቦርጬን አጥፋልኝ አላልኩትም። የሄድኩት ከስግደት ስነሳ መሬት መደገፍ ስለጀመርኩ ነው። የሰጠኝ የምግብ ወረቀት ደግሞ የዶሮ ደረት፣ ቱና፣ የእንቁላል ነጭ ይላል። ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል! ሁለተኛ አልተመለስኩም።

ይሄኛውን ከፋሲካ በኋላ ጎረቤቴ ናት ያሳየችኝ። ስሙን የማልጽፈው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በወር 1,000 ብር። 61 ዓመቴ ነው፣ አራት ወር ሠርቻለሁ።

አሰልጣኟ ልጅ እግር ናት፣ ግን «እትዬ» ብላ ነው የምትጠራን። የመጀመሪያ ቀን ሜትርም ሚዛንም አላመጣችም። ግፊት አለብዎት ወይ፣ ስኳርስ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ ብላ ጠየቀችኝና ወንበር አቀረበችልኝ። «እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ቁጭ ብድግ ይበሉልኝ» አለች፣ ሰዓት ይዛ። በ30 ሰከንድ ስምንት ጊዜ ተነሳሁ። ከ60 እስከ 64 ላለች ሴት ከ12 በታች ከሆነ እግሯ ደክሟል ማለት ነው አለችኝ። ባለፈው ሳምንት 13 ገባሁ። ኪሎዬ የቀነሰው አንድ ብቻ ነው፣ ከስግደት ግን ያለ ድጋፍ እነሳለሁ።

የምንሠራው ወንበር ይዘን ቁጭ ብድግ፣ ላስቲክ መሳብ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ ዱምቤል፣ ማለትም በእጅ የሚነሳ ብረት፣ ማንሳት ነው። አንዲት ሰባ ያለፋቸው እናት የመጀመሪያ ቀን ባለ 1 ኪሎውን እንደ ትኩስ ስኒ በጣታቸው ጫፍ ነበር የያዙት። አሁን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ባለ 3 ኪሎውን ያነሳሉ። በእግር መሄድ ይበቃናል የምንል ብዙ ነን። መሄዱ ጥሩ ነው፣ ጡንቻ ለመያዝ ግን ብቻውን አይበቃም። ካረጥን በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚወርድ አጥንታችን ቶሎ ይሳሳል፣ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመት ለሞላቸው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ይመክራል።

የመስታወቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። የመጀመሪያውን ወር ሁላችንም፣ ከሱሪ ላይ ጉርድ ደርበን፣ ወደ ኋላ ነበር የምንታጨቀው። ማን ፊት ይቁም? ስንወፍር «ተመችቶሻል» ስንባል፣ ስንከሳ «ምነው አመመሽ?» ስንባል ኖረን፣ ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን ስልክ ላይ ባዩት ገላ ሲለኩን፣ የራሳችንን ገላ ደህና አድርገን ያየንበት ቀን የለም። አሰልጣኟ ምንም አላለችም፣ ወደ መስኮቱ አዞረችንና አሠራችን። ዛሬ ፊት ለመቆም ቀድመው የሚመጡ አሉ።

ምግቡን በእኛው ማዕድ ነው የነገረችን። በዚህ ዕድሜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፣ ስለዚህ በቀን ከ68 እስከ 82 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። እኛ ደግሞ ለልጅ ለባል አቅርበን፣ የተረፈውን ወጥ በእንጀራ ጠርገን ነው የምንበላ። አሁን ፍልሰታ ነው፣ እኔ ከእንጀራው ቀንሼ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር ወጥና የባቄላ ንፍሮ ጨምሬያለሁ። ደጋ ላይ ተቀምጠን ባቄላ አጣን አይባልም። የኩላሊት ችግር ያለባት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትጨምር።

ያልወደድኩትም አለ። ፍል ውሃ የለም፣ በደብረ ብርሃን ብርድ! ሙዚቃው ይጮሃል፣ ስንጠይቅ ግን ቀነሱልን። ከሁሉ ያበሳጨኝ መግቢያው ላይ የሚሸጠው «ቦርጭ አጥፊ ሻይ» ነው። ምን እንዳለበት ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። ከእኛው አንዷ ጠጥታ ሦስት ቀን ሲያስቀምጣት ከረመ። በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ስብ አይደለም፣ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ለኃላፊው ነገርኩት፣ እሺ አለኝ፣ ሻዩ ግን ዛሬም እዚያው ነው።

ሌላው ደረጃው ነው። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው የእጅ መደገፊያ የለውም፣ በክረምቱ ጭቃ ደግሞ ያንሸራትታል። የሚቀጥለውን ወር ትናንት ከፍያለሁ። መደገፊያው እስኪሠራ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ነው የምንወርደው።