ለሐርቢን ብርድ ካፖርት፦ የደሴ ሳልቫጅ፣ የሱቅ አዲስ ወይስ እዚያው ደርሶ መግዛት?

የእህቴ ልጅ ከፒያሳ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ባለሱቁ አዲሱን ጃኬት በ9,500 ብር ሊሰጠኝ ነው። ልክፈለው?» አለኝ። «እንዳትከፍል! እዚያው ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አልኩት። ለአምስት ወር ትምህርት ወደ ሐርቢን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሊሄድ ነው። ዘንድሮ ይህንኑ ጥያቄ ሲያነሳብኝ እሱ አራተኛው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ካፖርቱን ከሳልቫጅ ግዙ፣ የውስጡን ልብስ እዚያ ደርሳችሁ ግዙ፣ አሮጌ ጫማ ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ።

የደሴ ልጅ ብርድ አያስፈራውም። በታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ጠጥተን ነው ያደግነው። የሐርቢን ግን ሌላ ነው። በጥር ወር አማካዩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ከ25 በታች የሚወርድበት ቀን አለ። የሶንግሁዋ ወንዝ ስለሚጠጥር ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ትንፋሻችሁ ስካርፋችሁ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ስልካችሁም ባትሪ እያለው ድንገት ይጠፋል (በውስጥ ኪስ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጉት)። ቤት ውስጥ ግን በተቃራኒው ይሞቃል። የከተማው ማሞቂያ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 20 እስከ ኤፕሪል 20 ስለሚሠራ ክፍል ውስጥ በካናቴራ ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ወፍራም ወፍራም ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ ሳይሆን፣ ስትወጡ የምትደርቡት ስትገቡ የምታወልቁት አንድ የሚያስተማምን ካፖርት ነው።

እኔ ኅዳር 2016 ስሄድ ያንን የሚነግረኝ አልነበረም። ከአንድ ሱቅ በ4,800 ብር አዲስ ጃኬት ገዛሁ። ደረቱ ላይ የታወቀ ስም ተጠልፎበታል፣ ሻጩም «ውስጡ የዳክዬ ላባ ነው» ብሎ ምሎልኛል። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ስመለስ ዚፑ ከታች ተከፈተ። ጥርሱ ፕላስቲክ ነበርና በብርዱ ደርቆ ሁለቱ ተሰብረዋል። ጃኬቱን በእጄ ጨብጬ ሃያ ደቂቃ ሄድኩ፤ ጣቶቼ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ አልታዘዙኝም። ዚፑን ለመቀየር 45 ዩዋን ከፈልኩ። ሰፊዋ ገበሩን ስትፈታው ጉዱን አየሁ። ላባ የሚባል ነገር የለም፣ የተጠቀለለ ፋይበር ነው፤ እሱም ተንሸራቶ ከታች ተከማችቷል። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ እዚያው በ520 ዩዋን ሌላ ካፖርት ገዛሁ።

እስቲ አስሉት። ያኔ በባንክ አንድ ዩዋን ከ8 ብር በታች ነበር። 4,800 ለጃኬቱ፣ 350 ገደማ ለዚፑ፣ 4,100 ገደማ ለሁለተኛው ካፖርት፤ በድምሩ 9,250 ብር። ለ150 ቀን ሲካፈል በቀን ከ60 ብር በላይ ለብርድ ከፍያለሁ ማለት ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረው የወልዲያ ልጅ ግን ከመሄዱ በፊት ከደሴ ሰኞ ገበያ በ1,700 ብር የገዛውን እስከ ጉልበት የሚደርስ የላባ ካፖርት ለብሶ ከረመ። ለዚፕ ማስጠገኛ 180 ጨምሮበታል። በቀን 12 ብር ከሃምሳ። አንድም ቀን በርዶኝ ሲል አልሰማሁትም።

«እዚያው ደርሼ እገዛለሁ» የሚሉኝ አሉ። በእኔ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከሱቁ ጃኬት ይሻል ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ዩዋኑም አብሮት ወጣ። የእኔ የ520 ዩዋን ካፖርት እዚያ አንድ ሳንቲም ባይጨምር እንኳ በእኛ ብር ከ8,000 በላይ ነው። ደግሞም ከአውሮፕላን ስትወርዱ ብርዱ ሱቅ እስክታገኙ አይጠብቃችሁም። በስልክ መክፈሉ እስኪስተካከል፣ ቋንቋው እስኪገባችሁ ጥቂት ቀን ያልፋል፤ እነዚያን ቀናት በምን ልታሳልፉ ነው?

አሁን ወደ ሳልቫጅ። የወፍራም ካፖርት ዋጋ የሚረክስበት ምክንያት አለው። ቦንዳ ሲፈታ ሰው የሚሻማው መካከለኛውን ጃኬት ነው፤ ለደሴም ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ሲወርዱም ይዘው ይዞራሉ። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የላባ ካፖርት ግን እዚህ ማን ይለብሰዋል? ለደሴ እንኳ ይበዛል። ስለዚህ ነጋዴው ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። በሚያዝያና በግንቦት ብትጠይቁ ደግሞ የበለጠ ይቀንስላችኋል፣ ቦታ ይዞበታልና። «ውጭ አገር ልሄድበት ነው» ብላችሁ ግን አትናገሩ። የእህቴ ልጅ ተናግሮ 3,000 የተባለው በአንድ አፍታ 5,500 ሆነበት።

ስትመርጡ ስሙን ተዉት፣ እጃችሁን እመኑ። ካፖርቱን በጡጫችሁ ጨምቃችሁ ልቀቁት። ላባ ከሆነ ቀስ እያለ ራሱ ይነፋል፣ ሲዳሰስም አልፎ አልፎ ቀጭን የላባ አገዳ ጣት ይነካል። ወፍሮም በእጅ ሲያነሱት ይቀላል። ወፍሮ ከከበደ ፋይበር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት፤ ላባው ጥግ ጥግ ይዞ መሃሉ ባዶ ከሆነ ተዉት። በውስጥ በኩል ያለችውን ትንሽ ጨርቅም አንብቡ። «ዳውን» (ለስላሳ ላባ ማለት ነው) የሚለው ቃልና 80 ወይም 90 ፐርሰንት ካለበት ደህና ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት ኮፒዎች ይህችን ጨርቅም ስለሚያስመስሏት ግን ከጽሑፉ ይልቅ ጭመቃውን እመኑ።

ከሁሉም በላይ ዚፑን። ሦስት ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት። መሳቢያው ብቻ ከላላ ችግር የለም፤ በፒንሳ ከሁለቱም ጎን ቀስ አድርጎ መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ከታች የሚሰካው ጫፍ ከተበላ ግን ሙሉ ዚፕ ማስቀየር ነው፤ ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ጥርሱን ሻማ ቀቡት፣ በብርድ አይይዝም።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትወስዱት ደግሞ አደራ። የእኛ ሰፊዎች እጃቸው የተባረከ ነው፣ ግን የላባ ካፖርት ብዙ ስለማያጋጥማቸው ሰፋ ሲል «ላጥብብልህ» ይላሉ። እንዳታስነኩት! ሹራብ የሚገባው በዚያ ስፋት ውስጥ ነው፤ መርፌው በወጋበት ሁሉም ላባው ማምለጫ ያገኛል። ትንሽ ቀዳዳ ካለው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ ሲደርቅ ይደፍነዋል።

አጠባው ትዕግሥት ይፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ። ከዚያ በየሰዓቱ እያራገፉና ጓሉን በእጅ እየበተኑ ማድረቅ ነው። የእህቴ ልጅ ካፖርት ሦስት ቀን ፈጀ። ነሐሴ ላይ አትሞክሩት፤ ሳይደርቅ ይሸታል።

ጫማ ላይ ሐሳቤ ይገለበጣል። አንድ ጓደኛዬ በሳልቫጅ ዋጋ ያማረ ቦት ገዝቶ በሁለት ሳምንቱ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረበት። ብዙዎቹ ቦቶች ሶላቸው ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር ባይለበስም ከዓመታት ብዛት እርጥበት ይበላዋል፣ ከላይ ቆዳው አዲስ መስሎ እያለ። ሰው ሠራሽ ቆዳ የሆነው አዲስ ጫማም በብርዱ ይሰነጠቃል። የአገራችን እውነተኛ ቆዳ ጥሩ ነው፣ ግን ልሙጥ ሶል ካለው በረዶ ላይ ይጥላችኋል። ስለዚህ ፀጉር ያለውን ቦት እዚያው ግዙ፣ የሱፍ ካልሲ እንዲገባበት አንድ ቁጥር አስበልጣችሁ። እግራችሁ ከ44 በላይ ከሆነ ግን እዚያ ልክ ማግኘት ስለሚያስቸግር ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሱፍ የሚመስል የውስጥ ታይትና ሹራብ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ እዚያ በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው። ከዚህ አትሸከሙ።

ጋቢውን በተመለከተ፣ እናቶቻችን ሳያስይዙን አይሸኙንም፣ እኔም ይዤ ሄጃለሁ። ለመኝታም ለናፍቆትም ጥሩ ነው። ካፖርት ይተካልኛል ብላችሁ ግን አትውጡበት። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱም ብርድ ይሆናል። የእኔ ወደ 2 ኪሎ ይመዝን ነበር። ከአዲስ አበባ በሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ ብትነሡ እንኳ፣ ወደ ሐርቢን የሚያደርሰው የቻይና የአገር ውስጥ ትኬት ለብቻው ከተቆረጠ ልኩ ሊያንስ ስለሚችል ትኬታችሁን አንብቡ። ካፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጅ ያዙት። በጓንግዙ በኩል ካለፋችሁ እዚያ አየሩ ሙቅ ነው፣ ያልብባችኋል፤ ቢሆንም ሐርቢን ስትወርዱ ሻንጣ እየፈለጋችሁ አትንቀጠቀጡም።

የእህቴ ልጅ ከሁለት ሰኞ ክርክር በኋላ ካፖርቱን በ3,400 ብር ወሰደው። ዚፑን ፈትሸነዋል፣ የታች ጫፉ አልተበላም። ትናንት ማታ እናቱ ሻማ እየቀባችለት ነበር።