የአጎቴ ሴኮ ፋይቭ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ሰዓቱ የአጎቴ ነበር። በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሲነዱ በ1974 ዓ.ም. ወደቡ ላይ ከአንድ መርከበኛ ገዙት። ለእኔ ሲደርስ ከቆመ ዓመታት አልፈውት፣ መስታወቱ ተቧጭሮ፣ ቀኑ 31 ላይ ተገትሮ ነበር። ሙያው ሳይኖረኝ ራሴ ፈታሁት፣ አጠብሁት፣ መልሼ ገጠምሁት። ይኸው ስምንት ወር ከእጄ አልወረደም።

ከኋላ ክዳኑ ላይ 7009 የሚል ጽሑፍ አለ፤ የውስጡ ማሽን መለያ ነው። ረጅሙ ቁጥር ደግሞ በ0 ጀምሮ ኤን የሚል የላቲን ፊደል ያስከትላል። ዜሮው የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ሲሆን ኤን ኖቬምበር ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1980 ወይም 1990 ይሆናል፤ አጎቴ በእኛ 1974 ስለገዙት ግን 1990 ሊሆን አይችልም። የሳምንቱ ቀናት በእንግሊዝኛና በዐረብኛ መጻፋቸውም የወደቡን ታሪክ ያጠናክራል።

መሣሪያ ላይ አትቆጥቡ። እኔ ቆጥቤ የገዛሁት ካቻቢቴ ሁለተኛው ብሎን ላይ ጫፉ ተጣሞ የብሎኑን ራስ ጫረው። ክዳኑን በከፈትሁ ቁጥር ያ ጭረት ቀድሞ ይታየኛል።

ውስጡ ግን ልብ ይሰርቃል። ይህ ማሽን ማዞሪያውን በጣት ጠምዝዞ አይሞላም፤ የሚሞላው ክንድ ሲወዛወዝ በሚሽከረከረው ሮተር ብቻ ነው። ሮተሩ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ቢዞር ሞላው ይጠብቃል። ምሥጢሩ ሴኮ ከ1959 ጀምሮ የተጠቀመበት ማጂክ ሌቨር ነው፤ እንደ ወረንጦ ሁለት እግር ያላት ስስ ብረት፣ በምትዞር ጎማ ላይ ከመሃል ወጣ ብላ የተሰካች። ጎማዋ ስትዞር ብረቷ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፤ አንዱ እግር ጥርሱን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ጥርሱ ግን ምንጊዜም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ሌላ ሰዓት ሠሪ ብዙ ጥርስ ደርድሮ የሚያደርገውን ይህቺ በአንድ ቁራጭ ብረት ጨረሰችው። ሮተሩን በጣቴ እያዞርሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ቡናዬ ቀዝቅዟል።

የቆመበት ምክንያት ስብራት ሳይሆን ቅባት ነበር። አሮጌው ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ የጥርሶቹ ዘንጎች በሚሽከረከሩባቸው ጥቃቅን ድንጋዮች ውስጥ ተጋግሯል። በላይተር ቤንዚን ነክሬ፣ ቀዳዳዎቹን በሹል እንጨት ጠራርጌ አጸዳሁ። የደረቀውን ዘይት ለማስለቀቅ አልኮል የሚያነሣ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ሰዓቱን ቲክ ቲክ የምታሰኘው ትንሽ ሹካ ሁለት ድንጋዮች አሏት፤ እነሱን የያዘው ማጣበቂያ በአልኮል ይሟሟል። ዘይት ስትቀቡም ጠብታዋ በማጉያ ብቻ የምትታይ ትሁን፤ የበዛ ዘይት ሸሽቶ የማይፈለግበት ቦታ ይሄዳል።

ያስለቀሰኝ የሳምንቱን ቀናት ዲስክ የምትይዘው ክፍት ቀለበት ናት። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። በወረንጦ ስነካት ጢር ብላ ጠፋች። ወለሉን በባትሪ አሰስሁ፣ ምንጣፉን አራገፍሁ። በሦስተኛው ቀን ለብሼው የነበረው ጋቢ ጥለት ውስጥ ተሰክታ ተገኘች። አሁን እጄንና ሰዓቱን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ነው የምፈታት።

ከገጹ ሥር ያገኘሁት ደግሞ ሌላ ነው። ቀን የምትገፋው ትንሿ ጥርስ ተሸራርፋለች። አምራቹ ቆጣሪዎቹ በአውሮፓውያን የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 4 ባሉበት ጊዜ ቀን በእጅ እንዳይቀየር ያስጠነቅቃል፤ ያን ጊዜ ጥርሶቹ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ለመገልበጥ ተያይዘዋል። አጎቴ ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር ስለሚሞሉ ቀኑ የሚገለበጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ሰዓቱ ግን ይህን አያውቅምና ወር በገባ ቁጥር ጠዋት 31 ያሳያቸዋል። እሳቸው ቁርስ ላይ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ማዞሪያውን ስበው ወደ 1 ይመልሱታል። ለማሽኑ ግን ያ ሰዓት ከሌሊቱ 1 ነው፤ ከክልክሉ ጊዜ መሃል። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ለስንት ዓመት! ጥርሷን የበላት ይህ ልማድ ይመስለኛል። ለመለዋወጫ ብዬ ከገዛሁት የሞተ 7009 ላይ ነቅዬ ቀየርኋት።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራት ደቂቃ ይቀድም ነበር። ኮምፓስ ሳስጠጋ መርፌው ተንቀጠቀጠ፤ ባላንሱ ላይ፣ ማለትም እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት በሚወስነው ጎማ ላይ፣ ያለችው ከፀጉር የቀጠነች ሞላ ማግኔት ይዛለች። ወረንጦዬ ብሎን እየሳበ ሲያነሣ አይቼ ዝም ያልሁት እኔው ነኝ። ማግኔቱን የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ገዝቼ ካለፍሁበትና የፍጥነት መቆጣጠሪያዋን ትንሽ ከገፋሁ ወዲህ በቀን 12 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ለዕድሜው ይበቃኛል። ቅዳሜና እሑድ ቤት ከዋልሁ ሰኞ ጠዋት ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ይህ የማሽኑ ሳይሆን የወንበር ሥራዬ ጥፋት ነው። ማዞሪያው ሲሳብ የሰከንድ ቆጣሪው ስለማይቆም በትክክል ማስተካከል ያስቸግራል። የክዳኑን ጎማ ብቀይርም ውኃ መቋቋሙን ስላልፈተሽሁ እጄን ስታጠብ አወልቀዋለሁ።

ወጪውን ደምሬ አየሁት፤ መሣሪያው ብቻ ከሰዓቱ ዋጋ በላይ ወጥቷል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚጀምር ሰው ሰዓቱን ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻለዋል።

እኔም እንደ አጎቴ በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት። ወር ሲገባ ግን 31ን እያየሁ እስከ ቀትር 6 ሰዓት እታገሣለሁ፤ ከምሳ በፊት ማዞሪያውን አንድ ጊዜ ስቤ ወደ 1 አመጣዋለሁ።