ፒፒኤፍ፦ የቱ ፊልም፣ የትኛው የመኪናው ክፍል ላይ፣ እንዴት ተለጥፎ?

ኮፈኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየች ጠጠሩ ክሊር የሚባለውን ግልጽ የላይኛ ሽፋንና ቀለሙን አልፎ ፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ያለው መነሻ ቅብ) ላይ ደርሷል ማለት ነው። ነጥቧ ብረት ብረት የምትል ከሆነች ፕራይመሩም ሄዷል፤ ክረምት ሲገባ ዙሪያዋ ቡናማ መሆን ይጀምራል፣ ዝገቱም በቀለሙ ሥር እየተሳበ ያሳብጠዋል። የፋብሪካ ቀለም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወፍራም አይደለም። ከብረቱ እስከ ላይኛው ክሊር ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀለሙን ከጠጠር ለመጠበቅ ከላዩ የሚለጠፈው ፒፒኤፍ የሚባለው ግልጽ ፊልም ብቻውን ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይወፍራል። በዚህ ጽሑፍ የምንገመግመው እሱን ነው።

የፊልሙ ዋና አካል ቲፒዩ የሚባል የፖሊዩረቴን ዓይነት ነው። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጠጠር ሲያርፍበት ለቅጽበት ይሰረጉድና ምቱን ወደ ጎን አሰራጭቶ ይመለሳል፤ ደረቁ ቀለም ግን መለጠጥ ስለማይችል ተሰንጥቆ ይረግፋል። ከሥር ማጣበቂያ አለው፣ ከላይ ደግሞ ቶፕኮት የሚባል ስስ ሽፋን። የላቫጆ ጨርቅ የሚተወው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ፀሐይ ሲያገኘው ወይም ሙቅ ውሃ ሲፈስበት የሚጠፋው በዚህ ቶፕኮት ምክንያት ነው። ፊልሙን ዘልቆ የቆረጠ ጭረት ግን አይድንም። መነሻው ሄሊኮፕተር ነው፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሚሽከረከሩትን ክንፎች ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ 3ኤም ለአሜሪካ ጦር ያዘጋጀው ፊልም ነበር።

ለማን ያዋጣል? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጠጠሩ የመምታት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ለሚመላለስ መኪና የጠጠር ጉዳት ትንሽ ነው፤ እንዲህ ላለው መኪና ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። በአዳማ ፈጣን መንገድ አዘውትሮ የሚሄድ፣ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ተከትሎ የሚነዳ መኪና ግን ሌላ ነው። መለያ በሌለው የሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ደግሞ የሁለቱ መኪኖች ፍጥነት ይደመራል፤ እያንዳንዳቸው በ80 ቢመጡ ጎማቸው ያስፈነጠረው ጠጠር እስከ 160 በሚደርስ ፍጥነት ሊያርፍ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዟል። ፊልም የሚለጠፈው እንዲህ ቀለሙ ገና ሳይነካ ነው፤ ነጥብ ነጥብ ካለ በኋላ ቢለጠፍ ነጥቡን ከሥሩ ያሳያል እንጂ አይደብቀውም።

የመጀመሪያው ፍርዳችን፦ መላ መኪናውን ማልበስ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። ጣሪያውን ጠጠር ብዙም አይመታውም። ምቱ የሚያርፈው ፓራውልቱ፣ ሙሉው ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹና የስፖኪዮዎቹ ጀርባ ላይ ነው። ወደ ኮሮኮንች መንገድ የሚወጣ ከሆነ የበሮቹ ታችና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የአካል ክፍል ከስፖኪዮ ይቀድማሉ፤ እነዚህን የሚቦረቡረው የራሱ የመኪናው የፊት ጎማ የሚወረውረው ጠጠር ነው። ይህን ቦታ ብዙ ጥቅል አገልግሎት ስለማያካትተው ለይተው ይጠይቁ። ኮፈኑ ላይ ደግሞ የፊቱን 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ለመሸፈን አይስማሙ። ፊልሙ የሚያልቅበት መስመር ላይ አቧራ ይሰበሰባል፤ ነጭ መኪና ላይ በአንድ በጋ ውስጥ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቡናማ ክር ይሠራል።

ሒሳቡን ለመረዳት ይህን ይያዙ፦ አንድ ጥቅል ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 1.52 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት አለው። መካከለኛ የቤት መኪና ሙሉ በሙሉ ለማልበስ አንድ ጥቅል ያህል ይፈጃል፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ለመሸፈን የሚሄደው ከጥቅሉ ሲሶ ብዙም አይርቅም። የፊት ለፊቱን ብቻ ሲጠይቁ ከሙሉው ዋጋ ግማሽ በላይ ከተጠየቁ ልዩነቱ የምን እንደሆነ ያስረዱዎት። የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ፓራውልት ከጣሪያ እጅግ ይከብዳልና ተገቢ ሊሆንም ይችላል።

ትልቁ ማታለያ ያለው ዕቃው ላይ ነው። በ"ፒፒኤፍ" ስም ፒቪሲ የሚባል ርካሽ ፕላስቲክ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ቲፒኤች የሚል ስም ይዞ ይመጣል፣ እሱም በማለስለሻ የተለሳለሰ ፒቪሲ ነው። መጀመሪያ ሲለጠፍ ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ማለስለሻው በፀሐይ ሲተን ግን ይደርቃል፣ ይቢጫል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ሲነቀልም በቁርጥራጭ እየተሰበረ ሙጫውን ቀለሙ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ በአልትራቫዮሌት ትበረታለች፤ ርካሹ ፊልም ዕድሜው የሚያጥረው ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው። የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይጠይቁና በሁለት እጅ ይሳቡት። ቲፒዩ እንደ ላስቲክ ይረዝማል፣ ግልጽነቱን ሳያጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ፒቪሲ የተሳበበት ላይ ነጣ ይላል፣ እንደተሳበም ይቀራል። ሌላ ቁራጭ መኪና ላይ ሳይሆን መስታወት ላይ አስለጥፈው በነሐስ ብሩሽ ቀስ ብለው ያሹት፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ያፍስሱበት። ጭረቱ በዓይንዎ ፊት ካልጠፋ "ራሱን ያክማል" የተባለው ቃል ብቻ ነው።

ከታወቁት መካከል ኤክስፔል አልቲሜት ፕላስና 3ኤም ስኮችጋርድ ፕሮ የ10 ዓመት ዋስትና ይዘው ይሸጣሉ፤ ሰንቴክና ሉማር ከአንድ አምራች፣ ከኢስትማን የሚወጡ ናቸው። እነዚህን ማመን ይቻላል። ዋስትናው ግን መቢጨትን፣ መሰንጠቅንና መላቀቅን ይሸፍናል እንጂ ጠጠር የቆረጠውን ፊልም አይተካም፤ ከለጣፊው ጋርም የተያያዘ ነው። ስለዚህ የጥቅሉን ሣጥንና መለያ ቁጥሩን አይተው ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ሣጥኑን ማሳየት የማይፈልግ ቤት አለ፤ እዚያ መኪናዎን አያስገቡ።

አሁን ወደ ሥራው። ጥሩ ፊልም መጥፎ እጅ ላይ ከወደቀ መካከለኛ ፊልም በጥሩ እጅ ይሻላል። መኪናው ከታጠበ በኋላ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው የብረት ብናኝና ሬንጅ ክሌይ ባር በሚባል ጭቃ መሰል ማጽጃ ይነሳል፤ መዳፍ ሲያልፍበት እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር ቦታ መቅረት የለበትም። ከዚያ ሰምና ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። ፓራውልቱ ጠርዝ ሥርና የኮፈኑ ከንፈር ውስጥ የቀረ ቅባት ነው ከሳምንት በኋላ ፊልሙን የሚያስነሳው። ፊልሙ የሚንሸራተተው ጥቂት የሕፃናት ሻምፑ በተጨመረበት ንጹሕ ውሃ ነው፣ ለ1 ሊትር ከአንድ ሻይ ማንኪያ ያልበለጠ። ሻምፑ ሲበዛ ማጣበቂያው አይዝም፣ ሲያንስ ደግሞ ፊልሙ ያልፈለጉት ቦታ ይነክሳል። ጠርዞቹና መያዝ ያለባቸው ቦታዎች ላይ ከ10 እስከ 25 በመቶ አልኮል ያለው ውሃ ይረጫል፤ እሱ ሻምፑውን አጥቦ ማጣበቂያውን ያነቃዋል። ከዚያ ውሃው በጎማ መጥረጊያ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል፣ እያንዳንዱ ግፊት ያለፈውን በግማሽ እየደረበ።

ቤቱ የተዘጋና አቧራ የሌለበት መሆን አለበት። በሩ ክፍት ሆኖ መንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ ምንም ቢጠነቀቁ አቧራ ይይዛል። ሙቀቱም ይቆጠራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለማሞቂያ የሚሠራ ቤት ውስጥ ፊልሙ ግትር ይሆናል፣ ሙጫውም ለመያዝ ይዘገያል፤ ጠርዝ የሚነሳው በእነዚህ ወራት ይበዛል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ምላጩ ነው። አንዳንድ ቤት ለመኪናው ሞዴል የተዘጋጀ ቅርጽ በኮምፒውተር መቁረጫ አስቆርጦ ይለጥፋል፤ ሌላው ጥቅሉን መኪናው ላይ ዘርግቶ በምላጭ ይቆርጣል። ሁለተኛው ጠርዙን በደንብ አጥፎ መደበቅ ስለሚያስችል በባለሙያ እጅ ሲሆን እጅግ ያምራል። ግን ምላጩ ፊልሙን አልፎ ክሊሩን ከነካ የማይታይ ቀጭን ቦይ ይተዋል። ፊልሙ እስካለ ማንም አያየውም። ከዓመታት በኋላ ሲነቀል ግን በበሩ ወይም በመብራቱ ዙሪያ ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ጭረት ብቅ ይላል፣ ብረቱ ድረስ ከዘለቀም የዝገት ክር ይሆናል፤ ያኔ ለጣፊው ቤት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት "ቀለሙ ላይ ትቆርጣላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ቆራጩ በየስንት ጊዜው ምላጭ እንደሚቀይር ይጠይቁ፤ ደነዝ ምላጭ ግፊት ይፈልጋል፣ ቀለሙን የሚጎዳውም ግፊቱ ነው። ያለ ምላጭ የሚቆርጥ የክር ቴፕ የሚጠቀሙም አሉ፣ እነሱን እንመርጣለን።

ሲረከቡ በጥላ ውስጥ በባትሪ ብርሃን በአግድም እያዩ ይዙሩ። ሦስት ነገሮችን መለየት ይበቃል። ደመና የመሰለ፣ ድንበሩ ያልጠራ ብዥታ የውሃ ቅሪት ነው፤ ቲፒዩ ትነት ስለሚያሳልፍ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ራሱ ይጠፋል። ድንበሩ ጥርት ያለ ክብ አረፋ አየር ነው፣ አይጠፋም፤ ያስተካክሉት። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ዙሪያው ቀለበት የሠራ ደግሞ አቧራ ነው፤ በትልቅ ኮፈን ላይ አንድ ሁለት ቢኖር ከአንድ ሜትር ካልታየ ይለፉት፣ ከዚያ በላይ ግን ፓነሉ እንደገና ይሠራ። ፓራውልቱ ጎበጥ ያለበት ቦታ ላይ ነጣ ያሉ የመሳብ መስመሮች ካሉ ፊልሙ ከአቅሙ በላይ ተለጥጧል፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስለሚታገል ከዚያ ጫፍ መነሳቱ አይቀርም። የመኪና ማቆሚያ ሴንሰሮቹም መሥራታቸውን እዚያው ያረጋግጡ።

ከተረከቡ በኋላ ለ7 ቀናት አይታጠብ፤ ከ7ኛው ቀን በኋላ ጠርዞቹን ለማሳየት ይመለሱ። የተነሳ ጠርዝ አቧራ ሳይገባበት ከተደረሰ በአልኮል ውሃና በሙቀት ይመለሳል፤ ሙጫው ላይ አንዴ አቧራ ከተቀመጠ ግን መቁረጥ እንጂ መለጠፍ አይቻልም። ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃው ከጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ቀጥ ብሎም ከጠርዙ ሥር አይግባ። የዱቄት ሳሙና ቶፕኮቱን ያደርቃል፤ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ደግሞ የጠርዙን ሙጫ ይፈታል፣ ስለዚህ ለጎማና ለሻንሲ የዋለ ጨርቅ ወደ ላይ እንዳይወጣ ቆመው ይከታተሉ። የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ፊልሙንም ያቀልማል፤ ሁለት ቀን አያሳድሩት።

ያገለገለ መኪና፣ በተለይ ተጠግኖ የመጣ ከሆነ፣ ከመለጠፉ በፊት በቀለም ውፍረት መለኪያ ይለካ። ከ200 ማይክሮን በላይ የሚያሳይ ፓነል እንደገና የተቀባ መሆኑ አይቀርም፤ ስቱኮ ካለበት ቁጥሩ ከዚያም እጅግ ይዘላል። በደንብ ያልያዘ ቀለም ፊልሙ ሲነቀል አብሮ ይላጣል፤ ይህን የትኛውም ዋስትና አይሸፍንም። በቅርብ የተቀባ ፓነል ቢያንስ 30 ቀን ይቆይ፣ ያለ ምድጃ በአየር የደረቀ ከሆነ ከዚያም በላይ፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር መውጫ ካጣ ከፊልሙ ሥር ይነፋል።

"ናኖ ሴራሚክ ጠጠር ይከላከላል" ለሚሉዎት መልሱ ውፍረቱ ነው፦ ሴራሚክ ቀለሙ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ውሃና ቆሻሻ እንዳይይዝ ይጠቅማል፣ ፊልሙ ላይ መቀባትም ይቻላል፤ ጠጠር ግን አያቆምም። ፊልሙም ቢሆን በቡጢ የሚያህል ድንጋይ ሲመጣ ብረቱ እንዳይሰረጉድ አያደርግም፤ ስለታም ጠጠር ደግሞ ራሱን ፊልሙን ይቆርጠዋል። ያኔ የሚቀየረው የዚያ ፓነል ፊልም ብቻ ነው፤ የፋብሪካው ቀለም ከሥሩ እንዳለ ይቀራል። በተለይ ፐርል ነጭ (እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ነጭ) ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ቀለም ጋራዥ ውስጥ ከጎረቤት ፓነል ጋር ማመሳሰል እጅግ ከባድ ነው።

የፊልሙ ዕድሜ ሲያልቅ፣ መቢጨት ወይም ጠርዝ ላይ መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ሳይዘገይ ይነቀል። እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሙቅ አየር ይሞቅ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መኪናው ዝቅ ተደርጎ ቀስ እየተባለ ይሳብ። የቀረው ሙጫ በሙጫ ማስለቀቂያና በለስላሳ ጨርቅ ይነሳል፤ በምላጭ አይፋቅ።